የደሳለኝ ጉልበት

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። መጋቢ፣ ስለ ፈቀዱልኝ ተባረኩ። የቆምሁት ለመመስከር ነው፤ ግን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን እዚሁ ቆሜ የመሰከርሁትን ለማረም ነው። ያኔ «ሃሌ ሉያ» ብላችሁ አጨብጭባችሁልኛል። ዛሬ አታጨብጭቡ፤ ስሙኝ ብቻ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ እዚሁ ሞጣ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። በስፖርት ተመርቄ ቢቸና በመምህርነት ተመደብሁ። በሃያ ስድስት ዓመቴም የከተማው ቡድን አሰልጣኝ ሆንሁ። ወይ ትዕቢት! ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገበያ መሃል ሳልፍ፣ ባለባጃጁ ሁሉ «አሰልጣኝ!» ሲለኝ መሬት አልበቃኝም። ጌታን አላውቅም ነበር። የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ ትልቅ ክለብ መግባት።

ደሳለኝ የሚባል አምበል ነበረኝ፣ ተከላካይ። ከገጠር ትምህርት ቤት ያመጣሁት እኔው ነኝ። እናቱ እማማ አንጓች ያን ቀን እጄን ይዘው «ልጄ፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ አደራህን» አሉኝ። «እማማ፣ እንደ ወንድሜ ነው የማየው» አልኋቸው። አፌን ሞልቼ ነው ያልሁት።

ከዚያ ከሞጣ ቡድን ጋር እዚህ ልንጫወት መጣን። የአንድ ትልቅ ክለብ ሰዎች እኔን ሊያዩ እንደሚመጡ ተነግሮኛል። በዋዜማው ልምምድ ላይ የደሳለኝ ጉልበት አበጠ። ወጌሻችን ጋሽ ባዬ በእጃቸው ዳሰሱትና «ይህ ልጅ ነገ ገብቶ በቃሬዛ ካልወጣ ምናለ በለኝ» አሉ።

«ጋሽ ባዬ፣ አንተ ማሸቱን ያዝ፣ ማሰለፉን ለእኔ ተወው» አልኋቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው፣ አንተ አልኋቸው! በጨዋታው ቀን ሰው ፈልጌ ደሳለኝን ማደንዘዣ አስወጋሁት። ያምሃል ወይ አላልሁትም። «ተነስ፣ ልበስ» ነው ያልሁት። «እሺ አሰልጣኝ» አለኝ።

አንድ ለዜሮ አሸነፍን። እሱ ግን ከእረፍት በኋላ ለኳስ ዘሎ ሲወርድ ወደቀ፣ በቃሬዛም ወጣ። የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ? ያን ሰዓት የማየው እሱን አልነበረም። ጥላ ሥር የተቀመጡትን የክለቡን ሰዎች ነበር።

ሐኪሙ «ጅማቱ ተበጥሷል፤ ኳስ የሚባል ነገር ይርሳው» ማለቱን በስልክ ሰማሁ። በሳምንቱ ምክትል አሰልጣኝ ሆኜ ሻንጣዬን ይዤ ሄድሁ። እማማ አንጓች ሁለቴ ደወሉልኝ። ስማቸውን አየሁና ስልኩን ገለበጥሁት። ወይኔ! ያን ስልክ ባነሣሁት ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

በሁለተኛው ዓመት ክለቡ ዋናውን አሰልጣኝ ሲያባርር እኔንም አብሮ ሸኘኝ። ሞጣ ተመልሼ አረቄ ቤት ለአረቄ ቤት ከረምሁ። እዚያ ጋ የተቀመጠችው እህት ሰናይት፣ የጤና ጣቢያዋ፣ ጎረቤቴ ነበረች። አንድ ቀን «ወንድሜ፣ ማንን ነው የምትሸሸው?» አለችኝ። አለቀስሁ፣ ሁሉንም ነገርኋት። ጌታን የተቀበልሁት በዚያ ሳምንት ነው። ክብር ለስሙ ይሁን!

ለደሳለኝ ጉልበት መጸለይ ጀመርሁ። ጾምሁም። ታዲያ አንድ ሰው ከቢቸና መጥቶ «ደሳለኝን ገበያ ላይ አየሁት፣ ያለ ምርኩዝ ይሄዳል» አለኝ። ምን አጣራሁ? ምንም! ሮጬ መጥቼ እዚህ ቆምሁና «ጌታ ጉልበቱን ፈወሰው!» አልኋችሁ። ለምን እንደ ቸኮልሁ አሁን ይገባኛል። እሱ ከዳነ እኔ ከጥፋቴ ነፃ ልወጣ ነዋ።

እህት ሰናይት ብቻ «ሄደህ አይተኸዋል?» አለችኝ። አፈርሁ። በነጋታው አውቶቡስ ይዤ ቢቸና ወረድሁ።

ደሳለኝ ሞባይል ይጠግናል፤ ትንሽ ሱቅ አለችው። ሲያየኝ ሊነሣልኝ ሞከረ። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ተደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በስንት መከራ ቆመ። እኔን አክብሮ እኮ ነው!

«እንኳን ደህና መጣህ አሰልጣኝ። ድኗል ብለህ መስክረህ ሞጣ ላይ አጨበጨቡልህ አሉኝ» አለ።

ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ያኔ ሳትጠይቀኝ አሰለፍኸኝ። አሁን ደግሞ ሳትጠይቀኝ ፈወስኸኝ» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር በለኝ አልሁት። «ተነስ፣ ሰው ያያል» አለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለኝም። እስከ ዛሬም አላለኝም፣ ወገኖቼ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ እጠይቀዋለሁ። እማማ አንጓች ወንበር ያቀርቡልኛል፣ ውኃ ይሰጡኛል፣ ስለ ስልኩ አንድም ቀን አላነሡም። በቀደም «በቀዶ ጥገና ይሻልህ ይሆናል ያለ ሐኪም አለ፤ አብረን እንሂድ ወይ?» ብዬ ደሳለኝን ጠየቅሁት። «ላስብበት» አለኝ። እየጠበቅሁ ነው።

እኔን እንዲህ ያለውን ሰው ጌታ አልጣለኝም፤ ስሙ ይባረክ! በስሙ ዋሽቼ እንኳ አልጣለኝም። ከእናንተ መካከል የበደለውን ሰው ፊት የሚሸሽ ካለ ጌታን ይመነው፤ እውነቱን ይዞ ይምጣ፣ አይገፋውም። ለደሳለኝም ጸልዩለት፣ እለምናችኋለሁ። ዳነ ብላችሁ ግን ለማንም አትንገሩ። የዳነ ቀን ራሱ ይናገራል።