ድምፅ የሚከፈልበት ጨዋታ

ቡሬ ካስተማርኩባቸው ዓመታት ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ድካሙን ነው። ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ተማሪ፣ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ ከትምህርት በኋላ የአንድ ለአምስት ስብሰባ፣ ከስብሰባው በኋላ ደግሞ የስብሰባው ሪፖርት። ባለቤቴ ደሴ ነበረች። የዝውውር ማመልከቻዬ በየዓመቱ ይሄዳል፣ በየዓመቱ ይመለሳል። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጥና እዚያው እንደተቀመጥኩ ይመሽብኛል።

ሦስት መምህራን በአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ ውስጥ ክፍል ክፍል ተከራይተን ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የያዘችው የአይሲቲ መምህርቷ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ነው ቡሬ የተመደበችው። ከጌሾው አጠገብ ባለችው የጥግ ክፍል የሚኖሩት የአማርኛ መምህሩ ነበሩ። የቋሪት ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው ኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የተሻገሩ ስለሆኑ ትምህርት ቤቱ በሙሉ “የኔታ” ነበር የሚላቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመታት ቀርቷቸዋል።

ጨዋታውን ያመጣችው መምህርቷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በኢንተርኔት ትጫወተው ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ጽፎ ያቆመውን ሌላው ይቀጥላል፤ ታሪኩ የጋራ ይሆናል። አገሩ የትም የሌለ፣ አስማት የሚሠራበት አገር ነው። ቡሬ ላይ አንድ ገጽ ለመክፈት ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ ኢንተርኔቱን ትታ አንድ ወፍራም ደብተር ገዛች።

“በዚህ እንጫወት” አለችን። “አለበለዚያ እኔ እዚህ ሰኔን አልደርስም።”

የኔታ ወዲያው ተቀበሉ። እኔ እምቢ ለማለት እንኳ ደክሞኝ ነበር፤ ገባሁበት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አላማሩም። የእኔ አስማተኛ በአንዲት ቃል አንድ ጦር ሙሉ አመድ አደረገ። መምህርቷ በማግስቱ አመዱን መልሳ ሰው አደረገችው። እኔ ተራራ ናድኩባቸው። እሷ ተራራውን ውኃ አደረገችው። የኔታ ሲያነቡ ቆይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

“ይኼማ የልጆች ድንጋይ መወራወር ነው” አሉ። “ሁሉ የሚቻልበት አገር ውስጥ ምን ያስፈራል? ምንስ ያሳዝናል?”

“ልክ ነዎት” አለች መምህርቷ። “አስማቱ ሕግ ያስፈልገዋል።”

አንድ እሑድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሕጉን አወጣን። ማንም አስማት ሲሠራ ከራሱ አንድ ነገር ይከፍላል፤ ምን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይመርጣል፣ አንዴ ከመረጠ አይለውጥም። እኔ እንቅልፍ መረጥኩ፤ መቼም አልነበረኝም። መምህርቷ ትዝታ አለች፤ አስማተኛዋ አስማት በሠራች ቁጥር ካለፈ ዕድሜዋ አንድ ቀን ትረሳለች። የኔታ ትንሽ አሰቡና “የእኔ ድምፄን ይውሰድ” አሉ።

“እንዴት ያምራል!” አለች መምህርቷ። እኔም ወደድኩት። ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

ሁለተኛውን ሕግ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። የአስማቱ ቃል ሰምና ወርቅ ይኑረው፤ ላይ ላዩን አንድ፣ ውስጡን ሌላ። ባላንጣው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወርቁን ካገኘው አስማቱ ይከሽፋል። ሰም ብቻ ሆኖ ከተጻፈ ደግሞ ከነጭራሹ አስማት አይደለም። ሦስተኛው የመምህርቷ ነበር፤ በኢንተርኔቱም ዋናው ሕግ እሱ እንደሆነ ነገረችን። አንተ ቃሉን ትጥላለህ እንጂ ሌላው ሰው ላይ ምን እንዳደረገ አትጽፍም። ያንን የሚጽፈው የተጣለበት ሰው ነው። ካልተቀበለው አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ነፍስ ዘራ። የመምህርቷ አስማተኛ በበረዶ አገር ልትሞት ስታጣጥር የኔታ ሁለት መስመር ጻፉ፤

“ሞት ደጅ ቢቆም፣ በዓሉን ጠይቆ፣
ገና ነው በሉትና ይመለስ አውቆ።”

እኔ የዚያን ጊዜ የሞት ወገን ስለነበርኩ ወርቁን ማግኘት ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ ፈተና ሳርም አሰብኩት። ገና ማለት ልደት ነው፤ እንግዳ ተቀባይ ቤት ነው፤ ሞት ተጋብዞ ምን ያስመልሰዋል? ሁለተኛው ትርጉም በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስለ ሕዋስ እያስተማርኩ ድንገት መጣልኝ፤ ጊዜው ገና ነው ማለታቸው ነው፤ ፀሐይዋ ግን ትናንት ጠልቃ አስማቱ ጸንቷል። ተማሪዎቹ ብቻዬን ስስቅ አዩኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከሳቅኩት ያ ብቻ ነበር።

በርበሬ የሚሰጣበት ወቅት ነበር። በየግቢው ቀይ በርበሬ ተሰጥቶ ከተማው በሙሉ ያስላል። የየኔታ ድምፅ ጎርነን አለ፣ ከዚያ ሻከረ። “በርበሬው ነው” አልን፤ እሳቸውም “በርበሬው ነው” አሉ። በርበሬው ተለቅሞ ተጭኖ ካለቀ በኋላም ግን ድምፁ አልተመለሰም።

በዚያው ሰሞን አንድ ዓርብ ግምገማ ነበረን። ሪፖርት አላሟላህም ተብዬ በሰው ፊት ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ። ከዚያ ስወጣ የዝውውር ዝርዝር ተለጥፏል፤ እኔ የለሁበትም። ቤት ገባሁ። ደብተሩ በሬ ሥር ተቀምጦልኛል። ገልጬ ሳየው የየኔታ አስማተኛ የእኔን ሰው ጉድጓድ የሚከት ስንኝ ጥሎብኛል። ወርቁን ልፈልግ ሞከርኩ፤ አልታየኝም። ሕጉንም፣ ጨዋነቱንም ተውኩና እስክሪብቶዬን አንስቼ ጻፍኩ፦ “ድምፅህ ይዘጋ። አንደበትህ ይታሰር። ከእንግዲህ አንዲት ቃል አትውጣህ።”

ሰም ብቻ ነበር። ስጽፈው የትኛውን ሰው እንዳሰብኩ ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ገምጋሚዎቹን ይሁን፣ ዝርዝሩን የለጠፈውን ይሁን፣ ራሴን ይሁን። ደብተሩን ሄጄ የየኔታ በር ላይ አስቀመጥኩት።

ሰኞ የኔታ ክፍል ገብተው አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። ማክሰኞ ለምርመራ ፍኖተ ሰላም ሄዱ።

እሳቸው በሌሉበት አከራያችን ክፍላቸውን ልትጠርግ ገባች። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠረች ናት፤ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሩን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት።

“መምህር፣ ይኼ የማን ጽሕፈት ነው?”

“የእኔ ነው እማማ።”

“የማንን ድምፅ ነው የዘጋኸው?”

“ጨዋታ ነው እማማ። ተረት ነው እየጻፍን ያለነው።”

“ተረት ሰብሰብ ተብሎ ይነገራል እንጂ ከበር በር ተደብቆ ይጻፋል?” አለች። ድምጿን አላነሣችም። “ሰውዬው ምን አደረጉህ? እንደ ልጃቸው አይደለም የሚያዩህ?”

“እማማ፣ ይስሙኝ። የየኔታ ሕመም ጉሮሯቸው ላይ ነው። ሐኪም ያየዋል።”

“የዘጋኸውን ክፈተው።”

“መክፈት አልችልም” አልኩ። ማለት የፈለግሁት የዘጋሁት ነገር የለም ነው። እሷ የሰማችው ሌላ ነው። አማተበች።

መምህርቷ ወጥታ ልታስረዳ ሞከረች፤ ስለ ኢንተርኔቱ፣ ስለ ሕጉ። በተናገረች ቁጥር ነገሩ ባሰ። ሴትዮዋ ሁለታችንንም በየተራ አየችን፤ ከዚያ ደብተሩን ዘረጋችልኝ።

“እዚሁ ፊቴ ጻፍ። ይከፈት በል።”

አሁን ሳስበው እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነበር፤ የጠመኔው አቧራ ዓይኔ ውስጥ አለ፤ ተቀምጬ ጫማዬን ማውለቅ ብቻ ነበር የፈለግሁት። “ድምፅህ ይከፈት” ብዬ ጻፍኩላት። አነበበችው፤ ደብተሩን ዘጋችው።

“ታዲያ የዘጋኸው አንተ አይደለህም?” አለች።

በማግስቱ ቄስ አምጥታ ግቢው ጸበል ተረጨ። ደብተሩም ተረጨ፤ ቀለሙ ፈሶ ብዙው ገጽ የማይነበብ ሆነ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደረሰ። አንዳንድ ተማሪዎች ደብተራቸውን ለእርማት መስጠት ተዉ። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው “ቤት ብትቀይር ለሁሉም ሰላም ነው” አሉኝ በትሕትና። መናኸሪያው አጠገብ ሌላ ክፍል ተከራየሁ። ዕቃዬን ያጋዘችኝ መምህርቷ ናት፤ መንገድ ላይ አለቀሰች፣ እኔ አጽናናኋት።

የኔታ ከፍኖተ ሰላም ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው ለአከራይዋ ረጅም ደብዳቤ ጻፉላት፤ ነገሩ ጨዋታ መሆኑን፣ እኔ ምንም እንዳላደረግኋቸው። አንብባ “ምስኪን! ያሠራቸው ነው እንዲህ የሚያጽፋቸው” አለች አሉ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተጽፎላቸው ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መራዊን አልፈን የቆጋው መስኖ ስንዴ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቶ ሲታይ በጣታቸው አሳዩኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ፤ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡና ጉልበታቸው ላይ ጻፉ።

“ድምፄ መሄድ የጀመረው አንተ ቡሬ ሳትመጣ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ መምህር ድምፁን ካጣ ምን ይቀረዋል ብዬ። በጨዋታው ግን ወድጄና ፈቅጄ ነበር የምከፍለው።”

ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። “ታዲያ ለምን ዝም አሉ የኔታ?” ብቻ ነው ያልኩት።

ወረቀቱን መልሰው ወሰዱ። “ጽፌው ነበር። አላነበባችሁትም።”

እውነታቸውን ነው፤ በየስንኙ ሥር አስማተኛቸው ከድምፁ ምን እንደከፈለ ይጽፉ ነበር። እኔና መምህርቷ ወርቅ ፍለጋ ላይ ነበርን፤ ሰሙን ያየ የለም።

ሐኪሙ የድምፅ አውታራቸው ላይ እባጭ አገኘ። ብዙ ዓመት በጩኸት የሚያስተምር ሰው ላይ ይወጣል አለ። ቀዶ ሕክምናው ተሠራላቸው፤ ከዚያ ለሳምንታት አንዲት ቃል እንዳይናገሩ ታዘዙ። ሲፈቀድላቸው የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር፤ ከሦስተኛው ወንበር አያልፍም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደቧቸው። ዝም የሚባልበት ቦታ ስለሆነ ተስማማኝ አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን እንደዚያ አይልም ነበር።

ጨዋታውን አልቀጠልንም። መምህርቷ ዓመቱ ሲያልቅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ሄደች። በስልክ እንጫወት ብላ ሁለት ጊዜ መልእክት ላከችልኝ፤ አንዱን መለስኩ፣ ሌላውን ሳልመልስ ቀረሁ።

የየኔታ ድምፅ መመለሱን አከራይዋ በራሷ መንገድ ተረዳችው፤ “የዘጋው ከፈተው” አለች። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከገበዝ ማርያም በኩል የመጡ እናትና ልጅ መናኸሪያው አጠገብ ያለው በሬ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጅቱ ወልዳ ሕፃኑ ሞቶባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አትናገርም።

“የታሰረ አንደበት ይፈታሉ ብለውኝ ነው የመጣሁት” አለች እናትየዋ። “እንደ ልጅዎ ይዩልኝ።”

“እናቴ፣ እኔ መምህር ነኝ። የሚባለው ውሸት ነው።”

“ይሁን። ብቻ ይጻፉላት።”

ልጅቱ መሬት መሬት ታያለች። ነጠላዋ ላይ የመንገዱ አቧራ አለ። አስረዳሁ፤ ደግሜ አስረዳሁ፤ እናትየዋ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። በመጨረሻ ምንም ሳልጽፍ ጃኬቴን ለበስኩና “ኑ፣ አብረን እንሂድ” አልኳቸው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ተራችን እስኪደርስ ሦስታችን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እናትየዋ ስለ ገብሱና ስለ ታመመች ላሟ አወራችኝ። ልጅቱ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ ደግፋ ተኛች። ነርሷ ልጅቱን አየቻት፣ ቀስ ብላ ጠየቀቻት፣ ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት ጻፈችላቸው። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ መኪና ላይ አሳፈርኳቸው።

እናትየዋ በመስኮቱ እጄን ይዛ መረቀችኝ። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች አልሰማሁም። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ያልታረመውን የፈተና ወረቀት ፊቴ አደረግሁ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከላይ ያለውን አንዱን ወረቀት ብቻ እያነሣሁ እያስቀመጥኩ አሳለፍኩት።