ከወንድሜ ጋር በቦዩ ዳር

ባለፈው ሳምንት ከጉሊት የገዛሁትን ቆስጣ ላጥብ እስሩን ስፈታው፣ ከሥሩ የተጣበቀው ጥቁር ጭቃ ሸተተኝ። የረጋ ውሃ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ትንሽም የሳሙና ነገር ያለበት ሽታ ነው። ቧንቧውን እንደከፈትኩ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሽታ ጋር ያስተዋወቀኝ ወንድሜ ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ የተበተነ ጊዜ ነው። ወንድሜ ከሰሜን በእግሩ እየመጣ፣ መንገድ ላይ እየታመመ፣ እየለመነም ጭምር፣ ጎፋ ያለው ቤታችን ሲደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ አላወቀችውም። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። እኔ አሥራ ስምንት ሆኖኛል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ፣ ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ቤት ቀርቻለሁ።

ወንድሜ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። መተኛትም አልቻለም። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳል። የት እንደዋለ ሲጠየቅ “ስሄድ” ይላል። አንድ ቀን እናቴ ወደ ጓዳ ጠርታኝ አብሬው እንድወጣ፣ ከዓይኔም እንዳላጣው አዘዘችኝ። ወንዝ ውስጥ ራሱን ይጥላል ብላ ፈርታለች። በአፏ አላለችውም፤ እኔ ግን ገባኝ። ገብቶኝም ተናደድኩ። በዚያ ሰሞን የተበተነ ወታደር በየመንገዱ እጁን ይዘረጋ ነበርና፣ ከእሱ ኋላ ስሄድ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ድረስ እሸፋፈን ነበር።

ከጎፋ ቁልቁል ወርደን፣ ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን በታች ወንዙ ዳር እንደርሳለን። ከዚያ ወዲያ አስፋልት የለም። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ እያልኩ፣ ከተማዬ በዚያ በኩል ምን እንደምትመስል አላውቅም ነበር። አትክልተኞቹ ወንዙን በድንጋይና በአፈር እየከለሉ በጠባብ ቦይ ወደ ማሳቸው ያስገቡታል። ቦዩ እየተከፋፈለ፣ ጎመኑንና ሰላጣውን እያጠጣ ወደ ላፍቶ ይወርዳል። እኛ ዳሩን ይዘን እንከተለዋለን። የውሃው ቀለም እንደ ቀኑ ነው። አንዳንድ ቀን ጥቁር ነው፤ አንዳንድ ቀን ከላይ ማን እንደለቀቀው የማይታወቅ ሰማያዊ ቀለም ይዞ ይመጣል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከላፍቶ ድልድይ ወዲያ ትንሽ ገበያ ይቆም ነበር። ከሀና ማርያም በኩል ገበሬዎች እንቁላልና ቅቤ፣ በአህያም ጭድ ይዘው ይመጣሉ። ወንድሜ ከእነሱ ጋር ኦሮምኛ ሲያወራ ስሰማ ደነገጥኩ። ከጦር ሜዳ ጓደኞቹ ተምሮት ኖሯል። ቤት ውስጥ በሳምንት የማይወጣውን ቃል እዚያ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ሲስቅም አየሁት።

ሴትየዋን ያገኘናት በዚያው ሰሞን ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ከስልጤ አገር ከባሏ ጋር መጥታ፣ ባሏ ሞቶባት፣ ሁለት ሴት ልጆቿን በዚያች ቁራሽ ማሳ የምታሳድግ ሴት ነበረች። አትክልተኞቹ ውሃውን በተራ ነው የሚጠቀሙት። በዚያ ቀን በእሷ ተራ ቦዩ ተደርምሶ ውሃው ሁሉ ወደ መንገዱ ይፈስሳል፤ እሷ ብቻዋን በእጇ ጭቃ ትዝቃለች። ወንድሜ ማንም ሳይጠይቀው ጫማውን አውልቆ ገባ። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አፈር እየሞላ የተናደውን ደፈነው። ስትመርቀው ቀና ብሎም አላያትም። በማግስቱ ግን እግሩ ቀጥታ ወደዚያው ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቦዩን ከፍቶ ውሃው በመደቦቹ መካከል ሲሰራጭ እያየ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ጋደም እንዳለ ተኛ። አፉን ከፍቶ፣ ዝንብ እያረፈበት ተኛ። ልቀሰቅሰው ስነሳ ሴትየዋ እጄን ያዘችኝ።

“ተዪው። ከተኛ ስንት ጊዜው ነው?”

“አላውቅም” አልኳት። እውነቴን ነበር። አንድ ቤት እያደርኩ፣ ቀኑን ሙሉ አብሬው እየዋልኩ፣ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል የእሷን ማሳ አጠጣ። ቅዳሜ ጎመኑን ተሸክሞ ገበያ ያደርስላታል። ማታ ቤት ሲገባ ራት ይበላል፤ እናቴ ምግብ በመጀመሩ ተደስታ የት እንደሚውል መጠየቁን ተወችው። እኔም ማሳው ዳር ተቀምጬ ከልጆቿ ጋር ካሮት አጥባለሁ። ዛሬ ሳስበው ያን ጊዜ ደስተኛ ነበርኩ። ያን ጊዜ ግን አልታወቀኝም።

አንድ ቅዳሜ የድሮ የክፍሌ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችው፣ ከአክስቷ ጋር ወደዚያ ገበያ መጣች። ወንድሜ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ጎመን ተሸክሞ ከሴትየዋ ኋላ ይሄዳል። እሱን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም ብላኝ አለፈች። ከስድብ ይልቅ ያ ሰላምታ አቃጠለኝ። በእሷ ፊት ራሴን አየሁት፤ የወደቅሁ፣ የጎመን ሻጭ ረዳት።

ማታ እናቴ ለምን እንደተኮሳተርኩ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ማሳውን፣ ሴትየዋን፣ ሻርፗን፣ ልጆቿን። እዚያ ላይ ብቆም ምን ነበር። ያልነበረውን ጨመርኩ።

“ሊያገባት ነው” አልኩ። “ሃይማኖቱንም ሊለውጥ ነው።”

እናቴ ደረቷን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አጎቴ መጣ። መንገዱን የመራሁት እኔ ነኝ። አጎቴ ገበያው መሃል ቆሞ፣ መስተፋቅር አጠጥታ የሰው ልጅ እንደያዘች፣ ከቤቱም እንዳፈናቀለችው ለሰው ሁሉ እስኪሰማ ተናገራት። ሰው ተሰበሰበ። ሴትየዋ ልጆቿን ወደ ራሷ ሳበችና ሻርፗን ፊቷ ላይ አወረደች። ወንድሜ የያዘውን ጎመን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ። ቦዩ ውስጥ እግሩን ታጠበ፣ ጫማውን አደረገ፣ እንደ እስረኛ አጎቴን ተከትሎ መጣ።

ያን ዕለት ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ “ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?” አለኝ።

“ያየሁትን።”

ሁለተኛ አልጠየቀኝም። መሄዱንም አቆመ፤ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ ጀመር።

ክረምቱ ሲገባ ቆላ ያለ የጥጥ እርሻ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ ሄደ። እናቴ እያለቀሰች ስንቅ ቋጠረችለት፤ እሱ ግን አላለቀሰም። በስድስተኛው ወር አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው ሻንጣውን ይዞልን መጣ። ወባ ነው አለን። ሐኪም ጋ ሳይደርስ፣ መኪና ላይ።

ከአርባው በኋላ አንድ ማለዳ እናቴ ሽንኩርት እየላጠች፣ “እዚያ ጎመን ቢያጠጣ ምን ነበረበት?” አለች። እኔን አልነበረም የምትጠይቀው። ያልነበረውን እንደጨመርኩ ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኳትም። እሷም ሳታውቅ አለፈች።

ወንድሜ ከሞተ ዓመት ቆይቼ ብቻዬን በዚያው መንገድ ወረድኩ። ሴትየዋን ይቅርታ ልጠይቃት፣ መሞቱንም ልነግራት ነበር የሄድኩት። ቦዩን ይዤ ላፍቶ እስክደርስ የምላትን እያጠናሁ ሄድኩ። ገበያው ላይ ከጎመኗ ኋላ ተቀምጣ አገኘኋት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ብድግ ብላ ሳመችኝ፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት መግባታቸውን ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

“ወንድምሽስ?” አለችኝ።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

“ደህና ነው” አልኳት። “ሥራ ይዟል። አግብቷል።”

“አልሐምዱሊላህ” አለች። ፊቷ ሲፈካ አየሁ። “እኔ እኮ በእኔ የተነሳ ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ ነበር።” ከዚያም ሰላም በይልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት።

እናንተ አሁን ያንን ቦታ ብታዩት ፎቅ ብቻ ነው። አትክልተኞቹ ተነስተዋል፤ ቦዩም ተደፍኗል። ሴትየዋ የት እንደገባች ጠይቄ የሚያውቃት ሰው አጣሁ። በሕይወት ካለች ግን፣ ወንድሜ እንደ እሷ ሐሳብ ዛሬም አለ። አግብቷል፣ ሥራ ይዟል፣ ምናልባትም ልጆች ወልዷል። እንዲህ አድርጎ የሚያስበው ሌላ ሰው የለም።