ከንፈሯ የቆሰለ ግመል ፍለጋ

ነገሩ የሆነው በስድሳዎቹ፣ አዋሽ ዳር ጥጥ በጥጥ በነበረበት ዘመን፣ ኒካሄ ሊታሰር ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ልርሳው ብል እንኳ ባለቤቴ አታስረሳኝም።

የወሎ ልጅ ነኝ፤ በጥጥ እርሻው ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። አፋርኛ ስለምችል ዶክተር ተፈራ ለሚባሉ የእንስሳት ሐኪም አስተርጓሚ ተደረግኩ። እሳቸው የሚያጠኑት የግመል ፈንጣጣን ነው። ከሰው ፈንጣጣ ጋር ምን ያህል እንደሚዛመድ፣ ከግመሏ ወደሚያልባት ሰው ይተላለፍ እንደሆነ ለማወቅ ከታመመች ግመል ቁስል ላይ ቅርፊት ይፈልጋሉ። ከንፈሯ የቆሰለ ግመል ፎቶ ይዘን፣ ከሎጊያ እስከ አዋሽ “እንዲህ ያለች አይታችኋል?” እያልን ዞርን። የለችም!

የማገባት ልጅ አባት ጋሽ ሰይድ አዋሽ ከተማ ሱቅ አላቸው፤ ቁጣቸው ከሚሸጡት በርበሬ ይብሳል። “እሁድ ቀትር ላይ ዙህር ሰግደን ካልተገኘህ ወላሂ ልጄን ለሌላ እሰጣለሁ!” ብለውኛል። ዶክተሩ ደግሞ ቅርፊቱን ሳላገኝ አለቅህም ብለዋል።

አርብ ጠዋት ከአዋሽ ከተማ ትንሽ አለፍ ብሎ አዋሽ አርባ ላይ ሐመዱ የሚባሉ አዛውንት አገኘን። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ፤ ያዩትንም የሰሙትንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነጋገራሉ። እኔ ደግሞ የመቀመጥ ትዕግሥት የለኝም። “እሁድ ኒካሄ ነው፣ ቶሎ ይበሉ” አልኳቸው። እሳቸው ረጋ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ አወሩ። ቀጥለው “ሎጊያ ላይ ከንፈሯ የቆሰለ ግመል ታይታለች...” ሲሉ ብድግ አልኩ።

“ዶክተር፣ ተገኘች! ሎጊያ ናት!”

ሐመዱ “ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም” እያሉ አቧራ አልብሰናቸው ከነፍን።

ጎማ እየፈነዳብን ሎጊያ የደረስነው በማግስቱ ነው። ጋራዥ አጠገብ ጥላ ስር የተቀመጠ አንድ አፋር ስንጠይቅ ዶክተሩ “በል አሁን አፍህን ዝጋና አስጨርሰው” አሉኝ።

“ግመሏ ወረቀት ላይ ናት” አለ ሰውየው። “እግር የላትም፣ ጭንቅላት ብቻ ናት። ይዟት የሚዞረው መነጽር ያደረገ ሰው ነው። አብሮት ሰው የማያስጨርስ ቀጭን አስተርጓሚ አለ፤ እሁድ ያገባል።” ቀና ብሎ አየኝ። “አንተ ሳትሆን አትቀርም።”

“የእውነት የታመመች ግመልስ የለችም?”

“አለች እንጂ። አዋሽ አርባ፣ የሐመዱ ግመል።”

ያ አላህ! ሐመዱ የሰውን ወሬ አስቀድመው የራሳቸውን መጨረሻ ላይ ሊነግሩን ነበር ለካ! ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። እኔን ግን አልቅስ አልቅስ አለኝ።

እሁድ አዋሽ አርባ ስንመለስ ዙህር አልፏል። ዶክተሩ ከግመሏ ከንፈር ቅርፊቱን ወስደው በረዶ ሳጥን ውስጥ አስቀመጡ። ወደ መኪናው ልሮጥ ስል ሐመዱ “ዛሬስ ትቀመጣለህ” አሉኝ።

በምን አፌ እምቢ ልበል? ተቀመጥኩ። ዝናቡ፣ ሣሩ፣ የእገሌ ፍየል መንታ መውለዷ... እኔ እዚያ በቁሜ ሚስቴን ላጣ ነው! በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦

“አማትህ ጠዋት በጣም ተቆጥቶ ነበር። ሙሽራው ኮበለለ ተባለ። እኔ ግን የገዛ የግመል ፎቶውን ፍለጋ ሎጊያ ወርዷል ብዬ ላክሁለት። ሠርገኛው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ኒካሁን ከሰዓት በኋላ ለሚሰገደው ለዐስር ሶላት አዛውሮታል። አሁን ጨረስኩ፣ ሂድ።”

አቧራ እንደለበስኩ ደረስኩ። ጋሽ ሰይድ ሊቆጡኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳቅ ቀደማቸው።

ሐመዱ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ያን መልእክት ባይልኩ ኖሮ ልጆቼ ዛሬ የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ። ባሰብኳቸው ቁጥር ደስ ይለኛል። የመቸኮል አመሌ ግን ጨርሶ አለቀቀኝም። ቤት ውስጥ ነገር ሳቋርጥ ባለቤቴ ዞር ብላ ታየኝና “ልጨርስልህ ወይስ ሎጊያ ደርሰህ ትመጣለህ?” ትለኛለች።