አንድ በር ያለው ጠላ ቤት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኳን እንደያዘች ልብስ መስፊያ ቤቴ መጣችና፣ "አክስቴ፣ በቴሌግራም የምንጻጻፍ ልጆች በአካል ልንገናኝ ነው። ቆቦ ውስጥ የቱ ቤት ይሻላል?" አለችኝ።

"ማን ማን ናቸው?"

"ስማቸውን እንጂ ማንነታቸውን የት አውቄ" አለች እየሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከዓመታት በፊት እኔም በሷ ዕድሜ ነበርኩ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ስፌት ላይ ብቀመጥም፣ ማንበብ እወድ ነበር፤ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር አነባለሁ። ወንድሜ አሮጌ ስልኩን ትቶልኝ ፌስቡክ ሲከፍትልኝ "እሸት" የሚባል የራያ ልጆች ቡድን ገባሁና የሰፈራችንን ተረት መጻፍ ጀመርኩ። የምንተዋወቀው በቅጽል ስም ብቻ ነው። ከሁሉም የሚጣፍጡት ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው "ጎፈሬው"፣ ሌላኛው "ጥላዬ"። አንዱ ቀልድ ሲወረውር ሌላው ይቀልባል፤ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ብቻዬን እንደ እብድ እስቃለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርን።

ኅዳር ላይ፣ የማሽላው ራስ ቀልቶ ወፍ ጠባቂው ማማ ላይ ወንጭፉን ሲያጮህ፣ እንገናኝ ተባለ። ቆቦ ስለምኖር ቤት መምረጡ ለኔ ተሰጠ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሴት ልጅ መጠጥ ቤት ታየች ከተባለ ወሬው ከሷ ቀድሞ ጎረቤት ከተማ ጎብዬ ይደርሳል። ደግሞ እስላምም ክርስቲያንም ነን። ጎረቤቴ የሆነችውን የቡድኑን አባል ዘይነባን ይዤ በዚያ ሙቀት ከተማውን ዞርኩ። አንዱ ግሮሰሪ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል፤ ሌላው ጓዳ በጓዳ ነው።

"ወላሂ ይሄ ቤት ሰው ይውጣል" አለች ዘይነባ።

በመጨረሻ የእትዬ ብርቄን ጠላ ቤት ወደድነው። ጠላቸው የማሽላ ነው፤ ለእስላም ደንበኞቻቸው ደግሞ የማያሰክረውን ቀሪቦ የዘይነባ እናት ጠምቀው ያስረክቧቸዋል። ቤቱ አስፋልቱ ዳር ነው፣ በሩ አንድ ነው፣ ውስጡ ከመንገድ ይታያል። እዚህ ማንም ማንንም ጎትቶ አይሰወርም አልኩና ለቡድኑ ጻፍኩ።

ጥላዬ ወዲያው ጠየቀ። "በሩ ስንት ነው?"

"አንድ ነው። ምነው፣ ጠጥተህ ልታመልጥ ነው?"

"የጓሮ በር ያለው ቤት ይሁን።"

"ለምን?"

"እንዲሁ።"

ጎፈሬው ገባበት። "ተዉት፣ ሚስቱን ፈርቶ ነው።" ሁሉም ሳቀ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ደህና ሰው የጓሮ በር ምን ያደርግለታል? በኛ አገር ስንቷ ልጅ ናት በጓሮ በኩል የተጠለፈችው። ዘይነባም "ይሄ ሰውዬ ደግ አላሰበም" አለችኝ። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ በር ላይ ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነና አገሩን ሳይናገር የሚገባ የለም። ከጥላዬ በቀር ሁሉም ተስማማ። ይሄ ይብስ አስጠረጠረኝ።

እሑድ ከሰዓት አሥራ አራት ሰው መጣ። እኔ እንደ ኬላ ጠባቂ በር ላይ ቆሜያለሁ። ጎፈሬው ትከሻው የሰፋ የሮቢት ከተማ ልጅ ሆኖ ተገኘ። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ጮክ ብሎ ቆጠረልኝና፣ "ያ ፈሪ ጥላዬ መጣ? ዛሬ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው" ብሎ ገባ።

ጥቂት ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ አንድ ባጃጅ ቆመ። ውስጡ ያለው ሰው ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። አይወርድ፣ አይሄድ፣ በሩን ብቻ ያያል። እሱ ነው አልኩ። "ዘይነባ፣ ሴቶቹን ወደ ውስጥ አስጠጊያቸው" አልኩ።

እትዬ ብርቄ በትከሻዬ በኩል አዩት። ጣሳ ሙሉ ጠላ ቀድተው አስፋልቱን ተሻገሩ። እንደ ወጉ ጥቂት በመዳፋቸው አድርገው ቀመሱለትና ሰጡት። ሰውየው ሳይወርድ ጠጣ፣ ጣሳውን መለሰ፣ ባጃጁም ወደ መጣበት ዞረ።

"የናንተ ሰው ነው፤ ቤተሰቡን አውቃለሁ" አሉኝ ተመልሰው።

"ታዲያ ለምን አልገባም?"

"አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ ብለሽ በር ላይ ቆመሽ እንዴት ይግባ? ወንድሙ ሰው ገድሏል። ደሙ ገና አልታረቀም፤ የሟች ወገን ካገኘው እሱንም አይምረውም። ማምለጫ የሌለው ቤት አይቀመጥም።"

"የሟች ወገን እዚህ ምን ያደርጋል?"

በአገጫቸው ወደ ውስጥ አሳዩኝ። ጎፈሬው መሀል ተቀምጦ ሰዉን በሳቅ ይገድላል። "ቅድም የአባቱን ስም ሲጠራ ሰማሁት። የሟች ታናሽ ወንድም ነው።"

ገብቼ ተቀመጥኩ። ጎፈሬው፣ "ቀረ በቃ?" አለኝ። "ቀረ" አልኩት። በማግስቱ ጥላዬ ከቡድኑ ወጣ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዘወልድ የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰብ አስታረቁ። ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አየሁ። ጎፈሬውና ያ ዓይኑን ከባጃጁ ውስጥ የማውቀው ሰው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ተያይተው እንደማያውቁ ሰዎች። እውነትም ተያይተው አያውቁም።

ለእህቴ ልጅ ይሄን ሁሉ አልነገርኳትም። "በር ላይ ዘር አትቁጠሩ" ብቻ አልኳት። "ታዲያ ክፉ ሰው ቢገባስ?" አለችኝ። የሷም ፍርሃት እውነት ነው።

ትናንት ደግሞ ጎፈሬው የልጆቹን ዩኒፎርም ሊያሳጥር መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል። ቁጭ ብሎ ሲያወራ ቆየና፣ "ያ ጥላዬ የት ገብቶ ይሆን? እንደሱ ያሳቀኝ ሰው የለም" አለ።

ታርቀዋል። ምለዋል። ጎፈሬው ግን ያኔ የሳመው ሰው ጥላዬ እንደሆነ አያውቅም። ሰውየው ጎብዬ ሱቅ እንዳለው አውቃለሁ፤ ከዚህ በሚኒባስ ቅርብ ነው። አፌ ላይ መጣ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩና የስፌት መኪናዬን ፔዳል ረገጥኩ።