ለእትዬ ዘነበች ስልክ የላክሁት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ስለ መጠጥ ነግሬያቸዋለሁ፣ ስለ ሴት ነግሬያቸዋለሁ፣ ሰው ስለ መደብደቤም ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ ጋ ስደርስ ግን መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። ስለዚህ ለማታውቀኝ ለአንተ እጽፈዋለሁ። ፊቴን አታይም፣ እኔም ፊትህን አላይም።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ጁባ መጥቼ ስሸከም ኖሬ፣ በመጨረሻ ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፈትኩ፤ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ መዝሙርና ፊልም እጭናለሁ። ስልክን የማውቀው በሥዕሉ ነበር። የቱ ጋ እንደሚነካ ጣቴ ያውቃል፣ ዓይኔ ግን አያነብም። ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላልተማርን ትልልቅ ሰዎች ትምህርት ጀመረች። አግዳሚው ላይ ከአጠገቤ የምትቀመጠው የአንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ፣ እትዬ ዘነበች ነበረች።

ልጇ ሙሉቀን በሊቢያ በኩል ባሕር እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ፊደል የምትማረው ለእሱ ስትል ነው። የልጇን መልእክት ሰው እንዲያነብላት አትፈልግም፤ ቀድማ ራሷ ማንበብ አለባት። አንድ እሑድ መምህሩ ማንበብ የምንመኘውን ነገር ሰሌዳው ላይ እንድንጽፍ አዘዘን። እኔ የሱቄን ስም ጻፍኩ። እሷ ጠመኔውን እንደ ሳሙና ጨብጣ «ደህና ነኝ። ስለጠፋሁ ይቅርታ።» ብላ ጻፈች። መምህሩ ሰሌዳውን ሳያጠፋው ተወው። እኔም ፈራሁ። ይህች ቁራጭ ጽሑፍ ሰውን እንዲህ ትይዛለች እንዴ?

ያን ፍርሃቴን ነው የሸጥኩት።

ሃይ ጀላባ ሰፈር ኮምፒውተር ይዞ የተቀመጠ አንድ ያገሬ ሰው ነበር። ሥራው የወሲብ ድረ ገጾችን ማስተዋወቅ ነው። ስልክ ላይ አንድ ገጽ ይከፈታል፤ ገጹ መልእክት ልላክልህ ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። «ፍቀድ» የሚለው አንዴ ከተነካ አለቀ፤ ባለቤቱ ስልኩን ኪሱ ከቶ ቢሄድም ማስታወቂያው መልእክት መስሎ እየጮኸ ይገባበታል። እኔ ዘንድ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ለቻርጅ ይውላል። ሰዎቹ አምነው የይለፍ ቁጥራቸውን ይነግሩኛል። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ማንም አይጎዳም አለኝ ሰውየው። እኔም መዝሙራቸውን እየጫንኩ «ፍቀድ»ን እነካለሁ፤ በነካሁት ስልክ ልክ ይከፍለኛል። የእትዬ ዘነበችንም ነካሁ። 

ማስታወቂያዎቹ ማሽን በተረጎመው ጠማማ አማርኛ ነበር የሚመጡት። ሳቅኩበት፤ ሰው እንዲህ አያወራም፣ ማን ይነካዋል አልኩት። እስቲ አንተ ጻፍ አለኝ። እኔ፣ ትናንት በአውራ ጣቴ ስፈርም የነበርኩት! ኩራት ራሴ ላይ ወጣ። ሰው ሳያስብ የሚነካው ቃል ምን ዓይነት ቃል ነው? ብዬ ሳስብ ሰሌዳው ታወሰኝ። እሱኑ ጻፍኩለት። «ደህና ነኝ። ስለጠፋሁ ይቅርታ።» ከጀርባው የራቁት ገጽ።

ሰውየው የሚነኩት ሰዎች መስመር ሽቅብ ሲወጣ በኮምፒውተሩ አሳየኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ደግመህባቸው ነው?» አለኝ። ማስታወቂያው የሚሄደው አማርኛ ለሚያነብ ስልክ ሁሉ ነበር። ቤይሩት ይሁን ሪያድ፣ የት የት ያለ ሰው የጠፋበትን ይጠብቃል ማለት ነው። ያን ሁሉ ናፍቆት በአንድ መስመር ቀሰቀስኩት። ደስ አለኝ። ይህን እንዳታልፍልኝ፤ ደስ አለኝ።

እትዬ ዘነበች አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ መጣች። ላዩን ራሷ አንብባዋለች፤ ውስጡን ግን አብረዋት ሲጸልዩላት የኖሩ ሴቶች ፊት ልትከፍተው አቆይታዋለች። ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብላ አነበበችው። እልል አሉላት። የክፍላችን ሰዎች ሰሌዳውን አስታውሰው አማተቡ። ከዚያ ነካችው።

የወጣውን አልጽፈውም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አንድ የቡና ቤት ባለቤት «ልጅሽ ሥራ አገኘ መሰለኝ፣ እትዬ» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም እንዳልታወቅ ሳቅኩ።

እሷ አልጮኸችም። ቆሻሻው መስታወቱ ላይ ያለ ይመስል ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «ቃሉ ስመኘው የነበረው ቃል ነው» አለች። «ልጄ ነው። በዚህ ሁሉ ቆሻሻ መሀል አልፎ መጥቶ ነው።»

በማግስቱ ሱቄ መጣች። ቆሻሻው እየደጋገመ ይገባባታል። እንዳይመጣ ላድርግልሽ፣ ቀላል ነው አልኳት። ስልኩን አልሰጠችኝም።

«ይህን ስትዘጋው ሙሉቀን የመጣበትስ በር አይዘጋም?»

እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር። በዚህ በር ማንም አልመጣም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ።

«ይዘጋል» አልኳት።

«እንግዲያው ተወው። እታገሠዋለሁ።»

ታገሠችው። ሆቴሉ ጓሮ አንሶላ ስታሰጣ አይቻታለሁ። ስልኩ ሲጮህ እጇን በቀሚሷ ታደርቃለች፤ ትከፍተዋለች፤ የልጇ ስም ይኖርበት እንደሆነ ከራቁት ገላ ሥር ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እስከ ጫፉ ታነበዋለች። ፊቷን አታዞርም። ገዳም ሄጃለሁ፣ ዋሻ ዘግተው የሚኖሩ አባቶች አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጽናት ግን አላየሁም።  ከክፍላችን ሁሉ ቀድማ አቀላጥፋ ያነበበችው እሷ ናት፤ ንባቡን ያቀላጠፈችውም በዚያ ቆሻሻ ነው። ይህን ምን ትለዋለህ? እኔ ፈርቼ ቆሜ አያለሁ።

ሥራውን የተውኩት ተጸጽቼ እንዳይመስልህ። ሰውየው ወደ ኡጋንዳ ሄዶ ስለጠፋ ነው። ማስታወቂያው ግን ከሌላ እጅ እየመጣ አሁንም ይገባባታል። አንዳንዴ ተስፋዋን ላለመስበር ዝም አልኩ እላለሁ። ውሸት ነው። ለሱቄ፣ ለስሜ፣ ለቆዳዬ ፈርቼ ነው። ባለመማሬም አላሳብብም፤ መሃይም ሳለሁ እንዲህ ያለ ክፋት አልሠራሁም። ይህን የሠራሁት ተምሬ ነው።

እትዬ ዘነበች፣ ይህንኑ ወደ ስልክሽ ልኬዋለሁ፤ ሰው አያንብብልሽ፤ አንቺው አንብቢው። ልጅሽ አልጻፈልሽም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ካንቺው ሰርቄ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ሆቴሉ ጓሮ እመጣለሁ፤ ከፈቀድሽልኝ ያን በር ፊትሽ ቆሜ እዘጋዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስልክሽ ዝም ሲል፣ ያን ዝምታ የሙሉቀን አታድርጊው፤ በእኔ ቁጠሪው።