ዙሌካ ከፈረስ እስከ አራተኛ ፎቅ

ዙሌካን በዋጋ ተከራክሮ የረታ ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ገና ጀሞ አልደረሰም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቋ ውስጥ ቆማ የመጋረጃና የአንሶላ ጨርቅ ሸጣለች። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ደም ግፊቷ ድንገት አሻቀበና ስትሮክ ግራ ጎኗን ያዛት። ምላሷን ሳይነካ በማለፉ ቤተሰቡ በሙሉ አልሐምዱሊላህ ብሏል፤ ልጇ ሃሩን ብቻ አንዳንዴ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ችግሩ ቤቷ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ያውም ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም። ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር ሃሩንና ሁለት የሰፈር ጎረምሶች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ያወርዷታል፣ መልሰው ያወጧታል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጡረተኛው ጋሽ ምትኩ ከቤታቸው ብቅ ይሉና፣ እሳቸው አንድ ጣት ሳያነሱ፣ «በግራ በኩል ዝቅ አድርጉ፣ ግድግዳውን እንዳትገጩት» እያሉ ያዛሉ። ልብ በሉ፣ የሚያሳስባቸው ግድግዳው ነው። ዙሌካን ከበሽታው ይልቅ ይሄ አንገበገባት። «ቁም ሳጥን አደረጋችሁኝ እኮ» አለች አንድ ቀን፤ እንባዋም መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላህን የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በገዛ እግሯ ደረጃውን ወጥታ ቤቷ መግባት።

የፈረሱን ወሬ ያመጣው ሃሩን ነው። ፉሪ አካባቢ አካል ጉዳተኞችን በፈረስ ግልቢያ የሚያግዝ አንድ ትንሽ ግቢ አለ ሲባል ሰምቶ፣ «ፈረሱ ሲራመድ ወገብሽ አብሮት ይራመዳል አሉ፤ ሚዛንሽ ይመለሳል» አላት።

«ሰው ሲሸከመኝ መኖሩ አንሶ አሁን ደግሞ ለፈረስ ልትሰጠኝ ነው?» አለችው። ግን ሄደች።

በመጀመሪያው ቀን የሃሩንን ቱታ ከቀሚሷ ሥር ለብሳ ቀረበች። ፈረሱ ላይ ከመውጣቷ በፊት ዕድሜውን ጠየቀች። ልጓሙን የያዘው ቶሌራ «ዘጠኝ» አላት።

«እስቲ ጥርሱን አሳየኝ።» አባቷ ወራቤ ገበያ ፈረስ ይነግዱ ነበር። ጎንበስ ብላ አየችና «አሥራ ሦስት» አለች። ቶሌራ ራሱን አከከ። አሥራ ሦስት ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቷ ውዳሴ ደግፋ ካስቀመጠቻት በኋላ «ዛሬ አሥር ዙር ነው» አለች።

«መጨረሻውን ንገሪኝ።»

«መጨረሻው አሥር ነው፣ እትዬ ዙሌካ።»

«አምስት አድርጊውና ደንበኛ እንሁን።»

ውዳሴ ሳቀች እንጂ አልቀነሰችም። ዙሌካ የቀራት አንድ ዘዴ ጥሎ መሄድ ነበር፤ ሻጭ የሚለሳለሰው ገዢ ፊቱን ሲያዞር መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥሎ ለመሄድ ግን እግር ያስፈልጋል። ፈረሱ የማንም ይሁን፣ ልጓሙ ቶሌራ እጅ ነው። አሥሩንም ዙር እያማረረች ዞረች።

በሦስተኛው ሳምንት ውዳሴም ንግድ ገባት። አሥራ ሁለት ስትፈልግ «ሃያ» ብላ ትጀምራለች፤ ዙሌካም ወዟ ጠብ እስኪል ተከራክራ አሥራ ሁለት ላይ ትስማማለች። ቤት ገብታ «ስምንት ዙር አስቀነስኳት» ስትል ሃሩን ሳቁን ይውጣል። እሱ ያደገው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ዘዴውን ያውቀዋል። በስምንተኛው ወር ማንም ጎኗን ሳይዛት ፈረሱ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ከወረደች በኋላም በከዘራ ግቢውን ዞረች።

አንድ ቅዳሜ ከፉሪ ሲመለሱ ጎረምሶቹ እንደ ልማዳቸው ደረጃው ሥር ወንበሩን ይዘው ጠበቋት።

«መልሱት» አለች። ሃሩን ሊከተላት ሲል ደግሞ «አንተ እዚሁ ቆይ። እጅህን ዘርግተህ ከኋላዬ ስትመጣ የምወድቅ ይመስለኛል» አለችው።

ሃሩን ታች ቀረ፤ ሆዱ ግን አብሯት ወጣ።

ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ ጋሽ ምትኩ ብቅ አሉና «በግራ በኩል...» ብለው ጀመሩ። የሚያዙት ሰው ግን አልነበረም።

«ቦርሳዬን ያዙልኝ እስቲ፣ ጋሽ ምትኩ» አለቻቸው። ተቀብለው ተከተሏት።

አርባ ደቂቃ ፈጀባት። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ላቧ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፣ ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደርሷል። በሩን ገፋችው። ተቆልፏል። ኪሷን ዳበሰች፤ ከጋሽ ምትኩ ቦርሳዋን ተቀብላ በረበረች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ለእሷ ቁልፍ መስጠት ማንም ትዝ አላለውም፤ እሷም አልጠየቀችም። ብቻዋን በሩ ላይ የቆመችበት ቀን አልነበረማ። ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ሊዞር ሲል ያዘችው።

ሃሩን ስትጠራው ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ደረሰ። ዓይኑ ቀልቷል። ቁልፉን አውጥቶ ሊከፍት ሲል እጁን ያዘችው።

«ለኔ ስጠኝ» አለች። «አንተ ሰኞ ሌላ ታስቀርጻለህ።»