ከዳኑ በኋላ ያለው ምዕራፍ

ችግሩ ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞሩ ነበር።

ወንድሟ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አዲስ ሕንፃ ላይ ሽቦ ሲዘረጋ የቆመበት መወጣጫ ከሥሩ ከዳውና ወደቀ፤ አከርካሪው ተጎዳ። ሐኪሞቹ ቀደው ሰፉት፣ ደግመው ቀደው ሰፉት፣ በመጨረሻም አልጋው አጠገብ ቆመው እግሮቹ ከእንግዲህ እንደማይታዘዙት ነገሩት። አንድ ነገር ግን አጥብቀው አሳሰቡት፤ በየቀኑ መቀመጥ አለበት። መጀመሪያ ትራስ ተደግፎ፣ ቀጥሎ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ። ካልተቀመጠ ጀርባው ይቆስላል፣ ሳንባው ይታመማል፣ ደህና የነበረው ክንዱም ይሰንፋል። እሱም አዳምጦ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። እዚያው ቀረ።

እህቱ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ሰው ሁሉ «ካፒቴን» ይላታል። ይህን ስም ያተረፈችው ከሞት አፍ ያመለጡ ሰዎችን እውነተኛ ታሪክ ለሚፈልግ አንባቢ መጽሐፍ እየመረጠች የምትሰጠው እሷ ስለሆነች ነው። ማዕበሉን፣ የበረዶ ናዳውን፣ በረሃ መሀል የተሰበረውን መኪና ሁሉ አብጠርጥራ ታውቃለች። ዋና ግን አትችልም። ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ እንኳ ግድግዳውን ይዛ ነው። «ካፒቴን፣ መርከብሽን የት አቆምሻት?» ይሏታል ደንበኞቿ። «እናንተን አሳፍራ ሰጠመች» ትላቸዋለች።

ሥራዋ ሰውን ከመጽሐፍ ማገናኘት ስለሆነ፣ ለወንድሟም መድኃኒቱ ከመደርደሪያ እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነበረች። መጀመሪያ የወሰደችለት ዘመድ አዝማድ የመከራትን ዓይነት ነው፤ ስለ ተስፋ የሚያወራ፣ ሽፋኑ ላይ ፀሐይ የምትወጣበት። ወንድሟ ገልጦም አላየው። የውሃ ብርጭቆው መክደኛ አደረገው።

ቀጥሎ የምትወደውን አመጣች። ሞተሩ ተበላሽቶ ውቅያኖስ ላይ ስለተንሳፈፈ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ይህን በጎኑ ተኝቶ እስከ ግማሹ አነበበውና ወለሉ ላይ ወረወረው።

«ምን አደረገህ?» አለችው።

«ሰውዬው እግር አለው።»

«እና?»

«እናማ ጀልባው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ተንበርክኮ ዓሣ ይወጋል። ሲያሻው ዘሎ ይዋኛል። እኔን ከሱ ጋር ምን አገናኘኝ፣ እትዬ? የሚዝናና ሰው ታሪክ ነው ያመጣሽልኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። ካፒቴን ግን መጽሐፉን ከወለሉ ላይ አንስታ፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ደስ ብሏት ወጣች። ከወደቀ ወዲህ ወንድሟ ይህን ያህል ቃል አውጥቶ አያውቅም። ደግሞም ትክክል ነው።

ትክክልነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ማሰብ አስፈለጋት። ለዘመናት አንባቢ ሲመጣ «ባሕር ይሻልሃል ተራራ?» ብላ ስትጠይቅ ኖራለች። መደርደሪያውም የተደረደረው እንደዚያው ነው፤ ባሕር ከባሕር፣ በረሃ ከበረሃ። ይህ ግን የቦታ ጥያቄ ነው። ወንድሟ የነገራት ሌላ ነው፤ አንባቢ የሚፈልገው እንደሱ የጎደለበትን ሰው ነው። በማግስቱ መጻሕፍቱን በሙሉ አውርዳ ወለሉ ላይ ዘረገፈቻቸውና በጎደለው ነገር ትለያቸው ጀመር። ውሃ ያጡትን ወደዚህ፣ ሰው የናፈቃቸውን ወደዚያ፣ ብርሃን ያጡትን ወደ ጥግ፣ መንቀሳቀስ ያቃታቸውን ወደ መስኮቱ።

ውጤቱ እሷንም ገረማት። በተገለበጠች መርከብ ሆድ ውስጥ የተዘጋው መርከበኛና ናዳ የዘጋባቸው የማዕድን ቆፋሪዎች ጎን ለጎን መጡ። አንዱ ባሕር ነው፣ ሌላው የምድር ከርስ፤ በድሮው አደራደር ፈጽሞ አይገናኙም ነበር። የሁሉም ጭንቀት ግን አንድ ነው፤ ጨለማ፣ ጠባብ ቦታ፣ መጠበቅ። ብቻዋን ወለሉ ላይ ተቀምጣ «አያችሁ አይደል?» አለች፤ ማንን እንደሆነ እንጃ።

ለወንድሟ የማዕድን ቆፋሪዎቹን ወሰደችለት። እሱም ከመጽሐፉ ጋር ተጣላ። የሠራተኞቹ መብራት በዚያ ባትሪ ያን ያህል ሊቆይ አይችልም ብሎ ድርቅ አለ። ደራሲው ዋሽቷል፣ ወይም ሲነግሩት አልሰማም። ገጹን አጠገቡ ለተኛው ሰው ለማሳየት ሲል በክርኑ ተደግፎ ከፍ አለ። ካፒቴን ያን ክርን አየች። ወዲያው ተመልሶ ተኛ።

አጠገቡ የተኛው ጭኑ የተሰበረ ባለታክሲ ነው። ወሬ የማያልቅበት፣ ጠያቂ ግን የማይመጣለት ሰው ነበር። «ለኔስ?» አላት። «ለሱ ብቻ ነው እንዴ ካፒቴንነትዎ?» ካፒቴን ቸኩላ ነበር፤ ትንሽ ኩራትም ሳይሰማት አልቀረም። ምን እንደጎደለው ሳትጠይቅ፣ ከቦርሳዋ ያልወጣውን የዓሣ አጥማጁን መጽሐፍ አቀበለችው።

ስሕተቱ የታወቀው አንሶላ ሲቀየር ነው። ከባለታክሲው ፍራሽ ሥር የደረቀ ዳቦና በወረቀት የተጠቀለለ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ተገኘ። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ መጣች። ሁሉም «ሲስተር» ይላታል፤ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ፣ ስትናገር ግን ሁለት ክፍል የሚሰማት ናት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቁጠባ ነው» አለ ባለታክሲው። «ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ዓሣ አጥማጁ የተረፈው በብስኩት ቁራጭ ነው።»

«እርስዎ ያሉት ጀልባ ላይ አይደለም። ወጥ ቤቱ ከታች ነው። እኔ ደግሞ ክኒኑን ውጠዋል ብዬ ነው ‹ለምን አመመው› እያልኩ ስጨነቅ የከረምኩት።»

ካፒቴን ስትመጣ ሲስተር በር ላይ ጠበቀቻት። ካፒቴን አላስተባበለችም። የክኒኑ ጥፋት የራሷ መሆኑን ተናገረች፤ ሰውየው የጎደለው ጠያቂ እንጂ ምግብ አልነበረም፤ ሳትጠይቅ ሰጠችው። ይህን ስታስረዳ እጇን እያወናጨፈች፣ ስለ አደራደሩም፣ ስለ መርከበኛውም፣ ስለ ቆፋሪዎቹም ጨመረች። ሲስተር እስክትጨርስ ታገሠቻት።

«መጽሐፍ በዚህ በር አይገባም» አለች። «አለቀ።»

«መጽሐፍ ነው ያሉት?»

«መጽሐፍ።»

«እሺ» አለች ካፒቴን።

በሚቀጥለው የጥየቃ ሰዓት ባዶ እጇን መጣች። በሁለቱ አልጋዎች መሀል ቆመችና የበረዶ ተራራ ላይ ጓደኞቹ ሞቷል ብለው ትተውት የሄዱትን ሰው ታሪክ በቃሏ ታወራ ጀመር። አውቶቡስ ውስጥ እየደጋገመች ስላነበበችው ነፋሱ እንኳ ከየት በኩል እንደሚነፍስ ታውቃለች። ከማዶ ያሉት ሕሙማን አንገታቸውን አሰገጉ። ጠያቂዎችም ወንበራቸውን አዞሩ።

ሲስተር በሩ ላይ ብቅ አለች። «ምን ተባብለን ነበር?»

«እጄን ይፈትሹ ሲስተርዬ። አፌን ግን እቤት ትቼው መምጣት አልቻልኩም።»

ሲስተር ሳቋን ዋጠች። «ክኒኑን ያልዋጠ ሰው ታሪክ አይሰማም» አለች። ባለታክሲው አፉን ከፍቶ ምላሱን አነሳላት። በሩን ሳትዘጋው ሄደች።

ካፒቴን ቀጠለች። ሰውየው ጣቶቹ ጠቁረው፣ በክርኑና በጉልበቱ እየተሳበ ቁልቁል ወረደ። እረፍት ባሰኘው ቁጥር ራሱን ይሰድብ ነበር። በመጨረሻ ሄሊኮፕተር አየችው። ሲወስዱት አለቀሰ። ጠያቂዎቹ በረጅሙ ተነፈሱ፤ አንዷ እንባዋን ጠረገች።

«ከዚያስ?» አለ ከግድግዳው በኩል የመጣ ድምፅ።

«ከዚያማ ዳነ» አለች ካፒቴን።

«እሱንማ ሰማሁ። ጣቶቹ ጠቆሩ አላልሽም? በማግስቱ ሸሚዙን ማን ቆለፈለት? ማን ጫማውን አሠረለት? ሥራው ምን ነበር፣ ተመለሰ ወይስ ሌላ ፈለገ?»

«መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል» አለች ካፒቴን።

«ከባዱ ነገር ሊጀምር ሲል ጥሎህ የሚሄድ መጽሐፍ» አለ። «ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ሄሊኮፕተሩ ይመጣል፣ እናትየው ታቅፋለች፣ አለቀ። እኔን እኮ ካነሡኝ ቆየ፣ እትዬ። ያነሡኝ ዕለት ነው የኔ ታሪክ ማለቅ የነበረበት?»

የካፒቴን ፊት ጋለ። መጀመሪያ ኀፍረት መሰላት፤ ሲቆይ ንዴት ሆኖ አገኘችው። የተናደደችው በወንድሟ አልነበረም። ስንቱን ሰው «ይህን አንብብ» ብላ ስትሰድድ፣ የጎደለውን ምዕራፍ አንድ ቀን ጠይቃ አለማወቋ አበሳጫት።

«አመጣልሃለሁ» አለች።

«የለም።»

«ካመጣሁስ?»

«ካመጣሽ ተቀምጬ እሰማሻለሁ። ወንበሩ ላይ።» ይህን ሲል እንደማይሆን ነገር አድርጎ ነው የተናገረው።

ባለታክሲው «ምስክር ነኝ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ካፒቴን መጽሐፍ ከኋላ ወደ ፊት ታነብ ጀመር። ይህ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ገልጣ ትጀምራለች፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን ትዘጋዋለች፤ እቅፍ አበባ ሲሆን ትዘጋዋለች፤ «ሕይወት ውድ መሆኗን ተማርኩ» ሲል በኃይል ትዘጋዋለች። ሰው ሲመጣ «ቆይ፣ ሰው እያዳንኩ ነው» ትላለች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ መጽሐፍ ከመሬት አንሥቶ መደርደር እንጂ ማንበብ ሥራዋ እንዳልሆነ ሊነግራት ሞከረ። «ልክ ነዎት» አለችውና ሌላውን ገለጠች።

ያገኘችው ዋናው ታሪክ ካለቀ በኋላ፣ ማንም በማይገልጠው ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ነበር። ብርድ አብዛኛውን ጣቷን የወሰደባት የአንዲት ተራራ ወጪ ታሪክ ነው። ሴትየዋ ከዳነች በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ዓመቷን ጽፋለች። ያማረ ነገር የለውም። ቁልፍ ለመቆለፍ ስትታገል ባሏ ሊረዳት ይሮጣል፤ እሷ ደግሞ ከወጥ ቤት አስወጥታ በሩን ትዘጋበታለች። የጠርሙስ ክዳን በጉልበቷ ይዛ በጥርሷ ትከፍታለች። አንድ ገጽ ሙሉ በሳህን ላይ ትናደዳለች፤ ሳህኑን ሰበረችው፣ ጠረገችው፣ ሲጠረግም አስቸገራት። ካፒቴን ይህን ቆማ አነበበችው። ደስታዋን የሚካፈል ሌላ ሰው አጠገቧ ባለመኖሩ ለጽዳት ሠራተኛዋ አነበበችላት።

አሁን የቀረው በሩ ነው። ወንድሟን ታውቀዋለች፤ በቃል ብትነግረው «ከራስሽ ፈጥረሽ ነው» ይላል። ገጹን ማየት አለበት። መጽሐፉን ከልብስ ሥር መሸጎጥ ትችል ነበር፤ ግን አላደረገችውም። በእጇ ይዛ፣ ሽፋኑን ወደ ፊት አድርጋ፣ ቀጥታ ወደ ሲስተር ሄደች።

«መጽሐፍ ይዤ እየገባሁ ነው» አለች። «ደብቄ አይደለም። ካላስገቡኝም ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ጮኬ አነብለታለሁ። ካመጣሽ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ ብሎኛል።»

ሲስተር መጽሐፉን አየችው፤ እሷን አየቻት። ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄዳ ተሽከርካሪውን ወንበር እየገፋች ተመለሰች።

ወንድሟ ወንበሩን ሲያይ ተራገመ። ገጹን ሲያሳዩት ደግሞ ተራገመ። ባለታክሲው «ቃል ቃል ነው፣ ጎረቤት» አለው። ሁለት ረዳቶች ብብቱን ይዘው አነሡት። ሲቀመጥ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ላቡ በአንገቱ ወረደ፣ የወንበሩን ክንድ አንቆ ያዘ።

«ቶሎ አንብቢ» አለ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ካፒቴን መነጽሯን ጠረገች። አንዲት ዓረፍተ ነገር አነበበች፣ ቆመች፣ ሌላ አነበበች።

«ሆን ብለሽ ነው።»

«ሆን ብዬ ነው» አለችና ገጹን ቀስ ብላ ገለጠች።

ሳህኑ ጋ ሲደርሱ ዓይኑን ከፈተ። «ድገሚው እስቲ» አለ።

አሁን ወንድሟ ቤቱ ገብቷል። በጓሮ በኩል፣ ዕቃ በሚገባበት በር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመጣል። ያቺ ተራራ ወጪ ብቻዋን አይደለችም፤ ካፒቴን ከሌሎች ቦታዎች ለምና፣ በደብዳቤ ጨቅጭቃ፣ መስኮቱ አጠገብ ትንሽ መደርደሪያ ሞልታለች። «ከዳኑ በኋላ» የሚል ወረቀት ለጥፋበታለች። ኃላፊው መጻሕፍቱን ወደ ባሕርና ወደ ተራራ ይመልሳቸዋል፤ እሷ ደግሞ ታወጣቸዋለች። እሱም መመለሱን፣ እሷም ማውጣቷን አልተዉም።

ይህን ሳምንት የያዘችው ግን ሌላ ነገር ነው። የማንበቢያው ጠረጴዛ ዝቅ ስለሚል የወንበሩ ክንድ ከሥሩ አይገባም፤ ወንድሟ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ያነባል። ኃላፊው ጠረጴዛው የመንግሥት ንብረት ስለሆነ እንዳይነካ አዟል። ካፒቴን ከእንጨት ቤት የጣውላ ቁራጮች ለምና አምጥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጠረጴዛው ሥር በእንብርክኳ ገብታለች።

«ወደ ግራ ያዘነብላል» ይላል ወንድሟ ከላይ። «ያኛውን ወፍራሙን አስገቢ።»

«ዝም ብለህ አንብብ።»

«እንዴት ላንብብ፣ እየነቀነቅሽው?»

ጠረጴዛውን በትከሻዋ ከፍ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ጣውላውን ከእግሩ ሥር እየገፋች ነው። የኃላፊው ጫማ በሩ ላይ ሲቆም ከታች ሆና አየችው። ጣውላውን ትገፋለች፤ ገና አልገባም።